የጣሪያ ሠሪው ጥያቄ ወዴት ይሂድ? አራት ኪሎ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሜክሲኮ ወይስ "ሰው አለኝ"

ክረምት ሊገባ ሲል ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ስምንት ሆነን ተቀመጥን። ሁላችንም ጣሪያ ላይ የምንውል ሰዎች ነን። ቆርቆሮ የሚመታ አለ፣ አሸንዳ የሚያጥፍ አለ፣ ኮንክሪት ጣሪያ ላይ ሜምብሬን፣ ውኃ የማያሳልፈውን ንጣፍ፣ የሚያነጥፍ አለ። ወሬው የተለመደው ነው። ክፍያ ዘገየ። የቆርቆሮ ዋጋ ከተፈራረምን በኋላ ሌላ ሆነ። 32 ጌጅ (የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ ነው) ተብሎ የተገዛው ሲለካ 32 አይደለም። ልጆቹ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ደህንነት ቀበቶ ይወጣሉ።

አንዱ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ "ለምን አራት ኪሎ ሄደን ለፓርላማ አንናገርም?" አለ። ሌላው "ጎረቤቴ ክፍለ ከተማ ይሠራል፣ እሱን ላናግረው" አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ ሰው አለኝ፣ ትንሽ ካዋጣን ይጨርስልናል" አለ።

ያን ቀን ሳንስማማ ተበተንን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። በነዚህ ሁለት ዓመታት አብዛኞቹን በሮች አንኳኩቻለሁ። አንዳንዱ ተከፍቶልኛል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ከሥራ የቀረሁበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሙያችን እንዲሰማ ከልቤ ስለምፈልግ፣ እናንተ ያን ያህል ቀን እንዳታባክኑ የትኛው በር ለየትኛው ጉዳይ እንደሚሻል ላወዳድርላችሁ።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ የማን ነው?

የኛ ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። የተናደድንበትን ነገር ይዘን በቀጥታ ትልቁ ሕንፃ ወዳለበት እንሮጣለን። ያናደደን ወረቀት ግን ከዚያ ሕንፃ ላይወጣ ይችላል።

አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል። መመሪያ ደግሞ ሚኒስቴሩ ወይም ባለሥልጣኑ ራሱ ያወጣዋል። ከዚያ በታች ሰርኩላርና ደብዳቤ አለ። ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ወጣ። በ2003 ዓ.ም. የሕንፃ ደንብ ቁጥር 243 ተከተለ። ዝርዝሩ ደግሞ መመሪያ ላይ ሰፈረ። አዋጁ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ ሕንፃ ሹም ሥልጣን ይናገራል፤ እናንተን ጠዋት ጠዋት የሚያንገላታው ፎርም ግን አዋጁ ውስጥ የለም። ፎርሙን ያመጣው መመሪያ ነው፣ አንዳንዴም መመሪያ እንኳ ያልሆነ የአንድ ክፍል አሠራር ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። "ይህን እንድታደርጉ የሚለው የትኛው ቁጥር ነው?" በሉ። አዋጅ ከሆነ ቁጥሩን፣ መመሪያ ከሆነም ቁጥሩን ይንገሯችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ጠይቄ ከሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ አግኝቻለሁ። በመጨረሻ የተሰጠኝ ፊርማ የሌለው ፎቶ ኮፒ ነበር። ይህ ራሱ መልስ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይዞ ፓርላማ መሄድ አያስፈልግም። የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋ በጽሑፍ አቤት ማለት ይበቃል።

አራት ኪሎ፦ መቼ ያዋጣል?

የሰዓት ማማ ያለበት ግቢ ውስጥ ያለው ምክር ቤት ከ550 ያልበለጡ አባላት እንዲኖሩት ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል። ከነዚህ 23ቱ መቀመጫዎች የአዲስ አበባ ናቸው። በር የሚሆኑልን ሁለት ናቸው። አንዱ የመረጣችሁበት ወረዳ ተወካይ ነው። ሌላው ቋሚ ኮሚቴው ነው፤ ለኛ ሙያ የሚቀርበው የከተማ፣ መሠረተ ልማትና ትራንስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው።

ከሁለቱ ኮሚቴውን እመርጣለሁ። ተወካዩ ሊሰማችሁ ይችላል፣ ጥያቄም ያነሳላችኋል። የረቂቅ አንቀጽ ቃል ተነስቶ በሌላ ቃል የሚተካው ግን ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ነው። ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤቱ ከቀረበ በኋላ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ባለድርሻ አካላትን ጠርቶ ያወያያል፣ ከዚያ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ከፀደቀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ። ባይፈርሙም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ከፀደቀ በኋላ መጮህ ጊዜ ማጥፋት ነው።

አንድ ነገር ግን በቅንነት ልንገራችሁ። ረቂቁ አራት ኪሎ ሲደርስ ብዙ እጅ አልፎበታል። ሚኒስቴሩ ጽፎታል፣ የፍትሕ ሰዎች አይተውታል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶበት ልኮታል። እዚያ ደረጃ ላይ ሐሳቡን ከሥሩ እናስቀይራለን ብላችሁ አትሂዱ። ማስቀየር የሚቻለው ትርጓሜ ነው፣ የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው፣ "ሥራ ተቋራጭ" በሚለው ቃል ውስጥ ንዑስ ተቋራጩ፣ ማለትም እንደኛ ከዋናው ተቋራጭ ሥራ የሚወስደው፣ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ለኛ ግን አንዲት ቃል ክፍያ የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ልትሆን ትችላለች።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ እስከ ሰኔ 30 ይቆያል፣ መሃል ላይ የ1 ወር እረፍት አለው። ክረምት የኛ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ስለሆነ ብዙዎቻችን "አሁን ነው የሚመቸኝ" ብለን ሐምሌ ላይ እንሄዳለን። ሐምሌ ላይ ደግሞ እነሱ የሉም። በጀትም እንዲሁ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ በጀቱ የሚፀድቀው ሰኔ ውስጥ ነው፣ ዝግጅቱ ግን ወራት ቀድሞ ያልቃል። ግንቦት መጨረሻ ላይ "ለሙያ ሥልጠና በጀት ይያዝ" የሚል ደብዳቤ ማስገባት የሄደ አውቶቡስ መጠበቅ ነው።

ፓርላማው ከምንም በላይ የሚጠቅመን ሕግ ኖሮ ሳይፈጸም ሲቀር ነው። የደህንነት ቀበቶውን ነገር እንውሰድ። እኛ ቡና ቤት ተቀምጠን "ሕግ የለም" ስንል ቆይተናል። ሕጉ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። የጎደለው ቁጥጥር ነው። ለቁጥጥር ደግሞ ቋሚ ኮሚቴ አስፈጻሚውን መሥሪያ ቤት የመጠየቅ ሥልጣን አለው። "አዲስ ሕግ አውጡልን" ብሎ ዓመታት ከመጠበቅ "ይህ አንቀጽ ለምን አይፈጸምም ብላችሁ ጠይቁልን" ማለት በጣም ያጥራል።

ማዘጋጃ ቤት

ፒያሳ ላይ ያለው። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፤ የከተማውን አዋጆችና በጀት ያፀድቃል። እኛ መሃል ከተማ የምንሠራ ሰዎች ከአራት ኪሎው ይልቅ የዕለት ኑሯችንን የሚነካው ይህኛው ነው። የግንባታ አጥር እንዴት ይሁን፣ የጭነት መኪና በስንት ሰዓት ይግባ፣ ተረፈ ግንባታ የት ይደፋ፣ ይህ ሁሉ የከተማ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህማ ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ አሠራር ሲቀየር ማግስቱን ሳይት ላይ ነው የሚታየው።

ጉዳያችሁ ፈቃድና ቁጥጥር ከሆነ ግን ምክር ቤቱን ለጊዜው ተዉትና የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣኑን አስቀድሙ። እዚያ መልስ ካጣችሁ ወደ ምክር ቤቱ ስትመጡ በእጃችሁ ወረቀት አለ፣ "ጠይቀን መልስ አላገኘንም" ማለት ትችላላችሁ። ሳትጠይቁ ከመጣችሁ "መጀመሪያ እዚያ ሄዳችኋል?" ይሏችኋል፣ እውነታቸውንም ነው።

የመመሪያ ረቂቅ፦ ብዙዎቻችን የማናውቀው በር

ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል አለበት። ለአስተያየት የሚሰጠው ጊዜ ከ15 የሥራ ቀናት ማነስ የለበትም። መመሪያው ከወጣ በኋላ ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብና በድረ ገጽ መውጣት አለበት። አዋጁ የአዲስ አበባን አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል።

ይህ ለትንሽ ሙያ ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ 550 ሰው ማሳመን የለባችሁም። ረቂቁን የጻፉት ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ እንጂ ጣሪያ ላይ የወጡ ሰዎች አይደሉም። እውነተኛ የሳይት መረጃ ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛ፣ ወጪ የለውም፤ ወረቀትና ታክሲ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ አስተያየታችሁ መዝገብ ውስጥ ይገባል። በኋላ መመሪያው ሕግን የሚጥስ ሆኖ ከተገኘና ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ ከሆነ፣ "በጊዜው ተናግረናል" የሚል ማስረጃ አላችሁ።

ችግሩ ማወቁ ላይ ነው። 15 የሥራ ቀን ማለት ሦስት ሳምንት ነው። አንድ ትልቅ ጣሪያ ስትመቱ ሦስት ሳምንት ሳታውቁት ያልፋል። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። አንዷን ልጅ፣ ጎበዝ ናት፣ የሒሳብ ሥራ የምትሠራልን ናት፣ በየሰኞው ጠዋት የሚመለከቱንን መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽና ቴሌግራም ቻናል እንድታይ አደረግን። ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። የሆነ ነገር ካገኘች ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ትለጥፈዋለች። ረቂቁን አናሳይም የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃዎች ኢንስቲትዩትን አትርሱ

የቆርቆሮው ነገር ለኔ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ወፍራም ነው፣ 35 ስስ ነው። ደንበኛው 32 ብሎ ከፍሎ 35 ቢመታለት ከመሬት ሆኖ አያውቀውም፣ ቀለሙ ያው ነው። የምናውቀው ሚስማር ስንመታ የሚሰማን እኛ ነን። ሁለት ክረምት ቆይቶ ሲያፈስ ግን የሚጠራው እኔ ነኝ። ፋብሪካው አይጠራም፣ ነጋዴውም አይጠራም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሠራ ሰው ለሠራው ሕንፃ 10 ዓመት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፣ ባለቤቶችም ይህን እየጠቀሱ ነው የሚመጡት።

አንድ የምክክር ስብሰባ ላይ ተጠራን። ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንድ አንጋፋ ፎርማን አብሮን መጣ። የኛ ተናጋሪ ስለ ጥራት አሥር ደቂቃ አወራ፣ ሰው ስልኩን ያያል። ጋሼ ተነሱ። ከፌስታል ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት የቆርቆሮ ቁራጮች አወጡ። መዳፍ የሚያክሉ ናቸው፣ ጠርዛቸውን እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር ሸፍነውታል። አንዱ ላይ በማርከር "ሀ"፣ ሌላው ላይ "ለ" ብለው ጽፈዋል። "ሁለቱም በ32 ዋጋ የተገዙ ናቸው፣ ደረሰኙም ይኸው፤ እስቲ በጣታችሁ እጠፏቸው" አሉና አዞሯቸው። "ለ" በአንድ አውራ ጣት ታጠፈ። የስብሰባው መሪ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ከዚያ መለኪያ ማይክሮሜትሩን ሰጧቸው፣ ራሳቸው ለኩት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ያየ ሰው የለም።

ጋሼ ጥያቄያቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጨረሱት። "ውፍረቱ በሚሊ ሜትር እያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ይታተም፣ ሌላ ምንም አንፈልግም።"

እንዲህ ያለው ጥያቄ ቤቱ ፓርላማ አይደለም። የምርት ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው፤ ደረጃው ደግሞ የሚዘጋጀው ባለድርሻዎች በሚቀመጡበት የቴክኒክ ኮሚቴ ውስጥ ነው። አምራቹ እዚያ ይቀመጣል። የሚገጥመው ሰው ካልተቀመጠ ስለሚገጥመው ሰው የሚናገር የለም። ለስብሰባ ጊዜ ያለው፣ ቁጥር የሚወድ ልጅ ካላችሁ እሱን ላኩ፤ ንግግር አዋቂውን ለሌላ ቦታ አቆዩት።

በማን አፍ እንናገር?

በሩን ከመረጣችሁ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ነው። ለብቻ የሄደ ሰው "ባለጉዳይ" ነው፣ በማኅበር የሄደ ሰው "ባለድርሻ" ነው። ልዩነቱን መግቢያው በር ላይ ካሉት ጥበቃዎች ጀምሮ ታዩታላችሁ።

ያሉትን ትልልቅ የሥራ ተቋራጮች ማኅበራት መቀላቀል አንዱ መንገድ ነው። ስም አላቸው፣ ሲጽፉ መልስ ያገኛሉ፣ በየረቂቁ ይጠራሉ። የዋጋ ማስተካከያ ጉዳይ ከሆነ ያለ ጥርጥር ከነሱ ጋር ሂዱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብረትም የቆርቆሮም ዋጋ ሁላችንንም እኩል ነው የመታን፣ ዋና ተቋራጩም እኛም አንድ ጀልባ ላይ ነበርን። ጉዳያችሁ "ዋናው ተቋራጭ ከባለቤቱ ተከፍሎት ለኛ አልከፈለንም" ከሆነ ግን ሌላ ነው። እነሱ ራሳቸው ዋና ተቋራጮች ናቸው። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ በራሳቸው ላይ ሕግ እንዲጠብቅ እንዲሟገቱላችሁ መጠበቅ ግን ፍትሐዊ አይሆንም።

ንግድ ምክር ቤቱ ሜክሲኮ ነው ያለው። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የተመሠረተው በ1939 ዓ.ም. ነው፤ ንግድ ምክር ቤቶች አሁን የሚተዳደሩት በአዋጅ 341/1995 ነው። ለግብር፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ለጉምሩክ ጉዳይ ከነሱ የተሻለ አላየሁም። ከመንግሥት ጋር የመመካከር ልምዱ አላቸው፣ የሚጽፉትን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች አሏቸው። ግን ቤቱ ሰፊ ነው። ቆርቆሮ አስመጪው አባል ነው፣ አምራቹ አባል ነው፣ አንተም አባል ነህ። ውፍረት ይታተም ስትል ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ላይስማማ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ጥያቄህ ይለሰልሳል፣ ይለሰልስና በመጨረሻ "ጥራት ይጠበቅ" የሚል ማንም የማይቃወመው፣ ማንም የማይፈጽመው ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

የሠራተኛ ማኅበር የደህንነት ጉዳይን ለማንሳት ከሁሉም በላይ ነው። በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሥር የግንባታ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሠራተኞችን የሚያቅፍ ፌዴሬሽን አለ። ሕጉ 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። የኛ ልጆች ግን ዛሬ ልደታ፣ ነገ ቄራ ናቸው፤ አሠሪያቸው በየሳይቱ ይቀያየራል። ለዚህ ነው ጣሪያ ላይ የሚወጣው ልጅ ከማንም በላይ ማኅበር እያስፈለገው ማኅበር የሌለው። እናንተ አሠሪ ከሆናችሁ ልጆቹ ሲደራጁ አትፍሩ። ስለ ቀበቶና ስለ መወጣጫ የነሱ ድምፅ ከናንተ ድምፅ ጋር አንድ ላይ ሲቀርብ ክብደቱ ሌላ ነው።

ከዚያ የራሳችሁ ትንሽ የሙያ ማኅበር አለ። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበራትን ያካትታል፣ ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ሕግና ፖሊሲ እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብም ይፈቅድላቸዋል። ድክመቱን አልደብቅም። መዋጮ የሚከፍለው ሰው ጥቂት ነው፣ ሪፖርት ማቅረብ አለ፣ ኦዲት አለ፣ ሊቀ መንበሩ ሥራ ሲበዛበት ማኅበሩ ይተኛል። ግን ጥያቄያችሁ ጠባብና የራሳችሁ ብቻ ሲሆን ማንም አያለሳልስባችሁም። ትልቅ ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ በማኅበራችሁ ስም ከትልልቆቹ ጋር አብራችሁ ትፈርማላችሁ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሚዲያና ሰልፍ

ባጭሩ። ሚዲያ መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሲሆን በር ያዘጋል። ጽፋችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ መልስ ስታጡ ሬዲዮ ላይ ውጡ፣ ያኔም ሰው ሳይሆን ጉዳይ አንሱ። ሰላማዊ ሰልፍ መብት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ይገኛል፣ በአዋጅ 3/1983 መሠረት 48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለቆርቆሮ ውፍረት ግን ሰልፍ አልወጣም። የእንባ ጠባቂ ተቋም ደግሞ የአስተዳደር በደል ሲደርስባችሁ ነው የሚጠቅመው፣ ሕግ ለማስቀየር አይሆንም።

"ሰው አለኝ"

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ዋሽቻችኋለሁ።

ከስምንታችን ሦስቱ አዋጡ። ስንት እንዳዋጡ አልናገርም፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያስከፍል ብር ነበር። ሰውየው በመኪና መጣ፣ በቀኝም በግራም ስልክ ይደወልለታል፣ "ሐሙስ ያልቃል" አለ። ሐሙስ አለፈ። ቀጣዩም ሐሙስ አለፈ። በሦስተኛው ስልኩ ጠፋ። ልጆቹ ሄደው መክሰስ እንኳ አልቻሉም፤ ምን ብለው ይክሰሱ? ጉቦ ልንሰጥ ነበር ብለው?

ብሩ ቢሠራ ኖሮ ደግሞ የባሰ ነበር። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚቀጣው የተቀበለው ብቻ አይደለም፣ የሰጠውም ይቀጣል፣ ተሰሚነት አለኝ ብሎ የሚነግደውም ይቀጣል። ሕጉንም ተዉት። በገንዘብ የተገዛ አሠራር የሚቆየው የበለጠ የሚከፍል እስኪመጣ ነው፣ የበለጠ የሚከፍል ደግሞ ሁሌም ከጣሪያ ሠሪ የበለጠ ብር ያለው ሰው ነው። በዚህ ውድድር ልናሸንፍ አንችልም። የምናሸንፈው ሌላው የሌለው ነገር ስላለን ነው፤ ጣሪያው ላይ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን።

ሕጋዊ ግንኙነትና ይህ እንዳይምታታባችሁ። የምታውቁት ኃላፊ ካለ ደውላችሁ "ደብዳቤ አስገብተናል፣ ቢያዩልን" ማለት ነውር የለውም። ደብዳቤው አለ፣ ቁጥር አለው፣ ማንም ሊያየው ይችላል። ወረቀት የሌለው ጉዳይ ሲሆን ነው መሸሽ።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ። ሁለተኛ ገጽ ካስፈለገ አባሪ ይሁን። "ጉዳዩ፦" ከሚለው ቀጥሎ የረቂቁን ስምና የአንቀጹን ቁጥር ጻፉ። "ስለ ጣሪያ ሥራ ችግሮች" አትበሉ፣ ማንም የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚያስገባው አያውቅም። ከዚያ አሁን ያለው አንቀጽ ምን እንደሚል፣ ሳይት ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ በምን ቃል ቢተካ እንደሚሻል። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ቅሬታ ብቻ የያዘ ደብዳቤ ሲደርሰው ባለሙያው ሌላ ሥራ ይጨመርበታል። የተዘጋጀ አንቀጽ ስትሰጡት ግን ሥራ አቀለላችሁለት።

ማስረጃ ከራሳችሁ ሥራ አምጡ። "አብዛኛው ቆርቆሮ ስስ ነው" ከምትሉ ባለፈው ዓመት የሠራችኋቸውን ጣሪያዎች ቁጠሩ፣ ስንቱን ለካችሁ፣ ስንቱ ልክ አልነበረም፣ ደረሰኙን አያይዙ። እኛ ስንቆጥር ቁጥሩ ካሰብነው አነስ ብሎ ነው የወጣው። እንዳለ ጻፍነው። አንዱ ባለሙያ በኋላ "የናንተን ያመንኩት ስላላጋነናችሁ ነው" አለኝ።

እንግዲህ ጉዳያችሁ፦

የምርት ጥራት ከሆነ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ በራሳችሁ ማኅበር ስም። ግብርና ጉምሩክ ከሆነ በሜክሲኮው ንግድ ምክር ቤት በኩል። የዋጋ ማስተካከያ ከሆነ ከተቋራጮች ማኅበራት ጋር፣ መመሪያው ላይ። የንዑስ ተቋራጭ ክፍያ ከሆነ በራሳችሁ ማኅበር ብቻ፣ ረቂቅ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ፣ አዋጅ ከሆነ ቋሚ ኮሚቴው ጋ። ቀበቶና መወጣጫ ከሆነ ከሠራተኞቹ ጋር ሆናችሁ፣ አዲስ ሕግ ሳይሆን ቁጥጥር ጠይቁ። የመኪና ሰዓትና አጥር ከሆነ ከተማው።

ደብዳቤውን ስትወስዱ ሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ በሌላው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመቱበት። "ይደርሳል፣ ሂዱ" ቢሏችሁም ቆማችሁ አስመቱ፣ በትህትና። እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት ደብዳቤ ቁጥር ስላልነበረው ጠፋ፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። ሁለተኛው ቁጥር ነበረው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቁጥሩን ጠርቼ ስደውል ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ "ለባለሙያ ተመርቷል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቢሮ 312" አለችኝ። ያኔውኑ ከሜክሲኮ ታክሲ ያዝኩ።